የካማሮ ዜና ነጋሪዋ እትዬ ሐዋ

እትዬ ሐዋ የተቀበረች ዕለት መስቀለኛ መንገድ ላይ ትራፊኩን አቁሞ የሚያሳልፈን ፖሊስ ከኋላዬ የተሰለፉትን መኪኖች ሲያይ ቆየና ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ፣ «ሟቹ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር እንዴ?» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። ከፊት የመስጊዱ ቫኖችና የታክሲ ነጂዎቹ መኪኖች ነበሩ። ከእነሱ ኋላ ግን ካማሮ የሚባሉት የአሜሪካ ስፖርት መኪኖች፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ጥቁር ሆነው ተከትለዋል። አንዳንዶቹ ኮፈናቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ቀስ ብለው እየሄዱ እንኳ የሞተራቸው ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባል። ነጂዎቹ ከአትላንታ ወጣ ካለችው ከኬኔሶ የመጡ አሜሪካውያን ናቸው፤ አብዛኞቹ የእስላም ቀብር አይተው አያውቁም።

«ተወዳዳሪ አልነበረችም» አልኩት ፖሊሱን። «ሬድዮ ላይ ዜና ትናገር ነበር።»

የገባው አልመሰለኝም፤ ባርኔጣውን ግን አወለቀ።

መቃብሩ ዘንድ ስንደርስ ኬኔሶዎቹ የት እንደሚቆሙ ግራ ገብቷቸው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ቢሊ የሚባለው ግዙፍ ጢማም ሰው ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያለቅሳል። የእትዬ ሐዋ ባል ሐጂ ሰይድ አዩትና ሄደው አካፋውን ራሳቸው አቀበሉት። አፈር ጨመረ። ሲመለስ አጠገቤ ቆመና ለእኔ ምኔ እንደነበረች ጠየቀኝ። አብረን እንሠራ ነበር አልኩት። እውነት ነው፤ ግን መልሱ ትንሽ ሆነብኝ። ቤቴ ገብቼም ትንሽ እንደሆነብኝ ቀረ። ስለዚህ ይኸው እጽፈዋለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ አትላንታ፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ በየእሁዱ ቀትር ላይ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም እናስተላልፍ ነበር። የፕሮግራሙ ኃላፊ አቶ ግርማ ነበሩ። አገር ቤት ሳሉም የሬድዮ ዜና አንባቢ ስለነበሩ ድምፃቸው ገና «ጤና ይስጥልን» ሲሉ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። ዜና ያነባሉ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ጠበቃ ያናግራሉ፣ ሠርግና ለቅሶ ያስታውቃሉ። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ ድምፁን እቆጣጠራለሁ።

አንድ እሁድ ስለ ጤና ሊናገር ቀጠሮ የነበረው ሰው ቀረብን። አሥር ደቂቃ ባዶ ሆነ። በዚያው ሰዓት የመስጊዱን የዒድ ማስታወቂያ ልታደርስ የመጣች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች አጭር ሴት በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እድሜዋ ከእኔ በደንብ ይበልጣል።

«እትዬ፣ አሥር ደቂቃ የሚሞላ ነገር ሊነግሩን ይችላሉ?» አልኳት። «ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጾም፣ የፈለጉትን።»

«ስለ መኪና ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«እንግዲያው እሺ። አንቱ ካልከኝ ግን ማይኩን ዘግቼው ነው የምሄደው። እኔ እትዬ ሐዋ ነኝ፣ አንቺ በለኝ።»

ማዳመጫውን ከሻሿ በላይ ደፋችው። ቀዩ መብራት ሲበራ አልደነገጠችም።

«እንዴት ዋላችሁ ነጂዎች፣ ተነጂዎችም» አለች። «ሐዋ እባላለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አየር ማረፊያ አካባቢ የሚከራዩ መኪኖችን ከሰው ተቀብዬ ወደ እጥበት እነዳለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካማሮ ነው። የዘንድሮዋ ፊቷን ቀይራ መጥታለች። ድሮ ዓይኖቿ ትናንሽና ገባ ያሉ ነበሩ። አሁን ትልልቅ ሆነው ወደ ጎን ተስበዋል፤ አፏም ሰፍቷል። ፋብሪካው አምራለች ይላል። እኔን ግን አምባዛ ነው የመሰለችኝ። አምባዛም ቢሆን ውኃ ውስጥ ሲሄድ ያምራል፤ እሷንም ቆማ አትፍረዱባት፣ ስትሄድ እዩዋት።»

ስልኩ መጮኽ ጀመረ። አንዱ ታክሲ ነጂ ከመንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ ደውሎ፣ አምባዛ መባሏ በደል ነው ብሎ ተሟገተ። ሌላው ደግፏት ተሟገተ። ኑሮው ከመኪና ጋር የሆነ ሕዝብ ስለ መኪና በቋንቋው የሚያወራለት ሰው አግኝቶ አያውቅም ነበር። አቶ ግርማ ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

«ተስፋዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ስልኩን ግን ይመልከቱት» አልኳቸው።

በሚቀጥለው እሁድ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አልቀረችም።

ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ ወደ አትላንታ ስትመጣ መሪ ጨብጣ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያ ሥራዋ የተመለሱ የኪራይ መኪኖችን ውስጣቸውን መጥረግ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ወደ ነጂነት አሳደጓት። አንድ ጠዋት ደንበኛ የመለሳት ካማሮ ደረሰቻት። የሆነውን እንዲህ ብላ ነግራኛለች፦ «እግሬ ነዳጁን ነካ ሲያደርገው ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። የሆነ ሰው በርቺ ያለኝ መሰለኝ። ተስፉ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በርቺ ያለኝ አልነበረም። ሁሉም አይዞሽ ነው የሚለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያች መኪና የተጻፈ ነገር አያመልጣትም። መጽሔት ታነባለች፣ በኋላም ኢንተርኔቱን ትቆፍራለች። የራሷ መኪና ግን አሮጌ ኮሮላ ነበረች። አድማጮች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። «የምትወጂው ካማሮ፣ የምትነጂው ኮሮላ? እንዴት ነው ነገሩ?» ብሎ አንዱ ሲጠይቃት፣ «ኮሮላ ሥራ ታደርሰኛለች። ካማሮ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኜ የማስበው ነው» አለችው።

ሐጂ ሰይድ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ የነዱ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ስለ ሚስታቸው የካማሮ ፍቅር ሲጠየቁ አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው፦ «ጣውንት በሴት ላይ ሲመጣ ነው የማውቀው። በእኔ የተጀመረ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የካማሮ ባለቤቶች ኬኔሶ ውስጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ ይሰበሰባሉ። ኮፈን ይከፍታሉ፣ ሞተር ይተያያሉ፣ ቡና በወረቀት ኩባያ ይጠጣሉ። እትዬ ሐዋ ሥራ ካልገባች ከምትኖርበት ከስኔልቪል ተነሥታ እዚያ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። ኮሮላዋን ከነዚያ ማሽኖች መሃል ያለምንም ሐፍረት ፓርክ አደረገች፤ ከኋላ ወንበር አንድ ትሪ ሳምቡሳ አወጣች። ያ ሁሉ ጡንቻማ «ሚስ ሐዋ፣ ሚስ ሐዋ» እያለ ከበባት። የአሜሪካ ደቡብ ሰው ለሚያከብራት ሴት እንዲህ ነው የሚለው። ሳምቡሳውን እየበላ ፋብሪካው ስላሰበው ነገር የሰማውን ሁሉ ይነግራታል። እሷ ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ከቢሊ ጋር ደግሞ ሁልጊዜ ትጣላለች።

ወሬን የምትለይበት መንገድ ነበራት። እሁድ ስትቀርብ፣ «ይኼኛው ዜና ነው፣ ይኼኛው ወሬ ነው፣ ይኼ ሦስተኛው ደግሞ የቢሊ ነው» ብላ ትጀምራለች። የቢሊ የተባለውን ማንም አያምነውም፤ ሁሉም ግን የሚጠብቀው እሱን ነበር።

ከአቶ ግርማ ጋር በቋንቋ ይነታረኩ ነበር። እሳቸው ነገሩ ሁሉ በንጹሕ አማርኛ እንዲባል ይፈልጋሉ።

«ወይዘሮ ሐዋ፣ ኮፈን የጣልያን ቃል ነው። የሞተር ክዳን ቢሉት ምን ይጎድላል?»

«አቶ ግርማ፣ ኮፈን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው። አባቱን አላውቅም፣ እናቱን ግን አውቃታለሁ።»

አቶ ግርማ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። እሷ ፊት ላለመሳቅ ብዙ ይታገሉ ነበር።

ከዚያ የሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ መጣና ፋብሪካው ካማሮን መሥራት ሊያቆም እንደሆነ ተናገረ። ይኼኛው የቢሊ አልነበረም። ዜና ነበር።

እትዬ ሐዋ የዚያን እሁድ ስትገባ ሰላም እንኳ በቅጡ አላለችኝም። ማይኩ ሲከፈት ነጂዎችንም ተነጂዎችንም ረሳቻቸው። ሰው ሲሞት እንደሚባለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብላ ጀመረች። የካማሮን ስም አንዴ ጠርታ ከዚያ በኋላ «እሷ» ብቻ ነበር የምትላት። «ብዙ ዘመን አብራን ኖራለች። ስንቱን ወጣት አስደስታለች። ፍጻሜዋ እዚያው ካናዳ ነው የሚሆነው። በሕይወት እያለች ያላከበርናት ይጸጽተናል» አለች። የሚሠራት ፋብሪካ ካናዳ ነበር። እኔ ይህን ስለማውቅ ምንም አልመሰለኝም። ግማሽ ላይ ሬድዮውን የከፈተ ሰው ግን ምን እንደሚሰማ አላሰብኩበትም።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ምሳ ቤቷ ጋብዛኝ ስኔልቪል አብረን ሄድን። መንገዳቸው ከዳር እስከ ዳር በመኪና ተሞልቷል። ሴቶች ድስት ይዘው ይገባሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ እንዲበላው ብለው ምስርና ሽሮ ነው የሠሩት። ሳሎን ስንገባ ሐጂ ሰይድ መሃል ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሰው በየተራ እየጨበጣቸው አላህ ያጽናዎት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት ይላቸዋል።

ሚስታቸውን ሲያዩ ቀና አሉ። «ሐዋ፣ ማን ነው የሞተው?» አሉ በዝግታ። «እነዚህ ሰዎች ያጽናዎት ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ማንን እንዳጣሁ ግን የነገረኝ የለም።»

«ካናዳ ያለችው እኅቷ ናት እንጂ» አለች አንዲት ሴት።

«ካናዳ እኅት የለኝም» አለች እትዬ ሐዋ።

«ታዲያ ሬድዮ ላይ ያልሽው?»

«መኪናዋን ነው።»

እትዬ ሐዋ የምትገባበት ጠፍቷት ቆማለች። ከጥግ አንዲት ነጠላ ያጣፉ ባልቴት፣ «መኪና ነው ያልሽው ልጄ?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ውይ፣ በልጅነቷ» አሉ ባልቴቷ ከልባቸው።

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ሰይድ ነበሩ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ምስሩ ወጣ፣ ሽሮው ወጣ፣ ሰዉ እስኪመሽ ተቀምጦ ስለ መኪና ሲያወራ ዋለ። አንድ ሰው ግን አልሳቁም። የፕሮግራሙ ኮሚቴ አባል የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አነሡና፣ «በሞት አይቀለድም» ብለው ወጡ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተጠራ። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ነበር የተሰበሰብነው። አቶ ግርማ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም።

«ወይዘሮ ሐዋ፣ እኔ አከብርዎታለሁ» አሉ። «ነገር ግን ይህ ሕዝብ ብዙ ችግር አለበት። ወረቀት ያላገኘ አለ፣ የታመመ አለ፣ ልጁ ያስቸገረው አለ። አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለን። ከእሱ ላይ አሥር ደቂቃ ለመኪና፣ ያውም መሠራት ለቆመ መኪና መስጠት ይከብዳል። ክፍሉ ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቧል።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሌሎቹ ጠረጴዛውን ያያሉ። አቶ ግርማ ያሉት ስሕተት አልነበረም። እትዬ ሐዋ ሻሿን አስተካከለችና ተነሣች። ስትቆምም ከተቀመጥነው ብዙ አትበልጥም።

«መጀመሪያ» አለች ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «በሞት አልቀለድኩም፤ ግን ቤትዎ ድረስ ሐዘን አስገብቻለሁና ይቅር ይበሉኝ። ድንጋይ ተሸከሚ ካሉኝም እሸከማለሁ።»

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም። «ይቅር ብያለሁ፣ ተቀመጪ» አሉ ቶሎ ብለው።

«ቆይቼ እቀመጣለሁ። አቶ ግርማ፣ የወረቀቱም የጤናውም ነገር አስፈላጊ ነው። እኔም ለፍቼበታለሁ። ግን እዚህ አገር ስመጣ ከሰው ጋር የማወራው ስለ ችግሬ ብቻ ነበር። ቢሮ ስገባ ስለ ችግሬ፣ ሥራ ቦታ ስለ ችግሬ፣ ጎረቤት ሲጠይቀኝም ስለ ችግሬ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዝኑልኛል። አንድ ቀን ኬኔሶ ሄጄ አንዱን ጢማም ስለ ካማሮ ማርሽ አንድ ነገር አልኩት። አንገቱን አላዘነበለም። ተሳስተሻል አለኝ። ወላሂ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ተሳስተሻል የሚባለው እኩያ ነው። ቆመን ተከራከርን፣ እሱም ጮኸ እኔም ጮኽኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ሐዋ ሆኜ ተመለስኩ።»

ወደ ሌሎቹም ዞረች።

«የእኛ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይታዘንለታል። እሁድ አሥር ደቂቃ፣ ማንም የማያዝንለት አሥር ደቂቃ ቢኖረው ምን አለበት? እኔ የምለምነው ለመኪናዋ አይደለም።» ከዚያ ተቀመጠች።

አቶ ግርማ ብዕራቸውን እያገላበጡ ቆዩ። «መኪናዋ ከቆመች ግን ዜናው ከየት ይመጣል?» አሉ። ድምፃቸው ለስልሷል።

«ይመጣል። ፋብሪካ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ይለውጣል።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ» አሉ። አቶ ግርማም ያን የዜና ድምፃቸውን አውጥተው ወሰኑ፦ «ክፍሉ ይቀጥል። ወደፊት ሞት ካለ ግን የሞተው ዕቃ መሆኑ አስቀድሞ ይነገር።»

ካማሮ ባልነበረችባቸው ዓመታት እትዬ ሐዋ ክፍሏን ያለ ዜና ይዛ ኖረች። ተቀናቃኟ ማስታንግ አዲስ ቅርጽ አውጥታ ስትመጣ፣ «የአያቷን ቀሚስ አሳጥራ ለብሳ መጥታለች፤ አምሮባታል፣ ሐቁን መደበቅ አልችልም» አለች። ካማሮን የሚያሽከረክሩ አበሾች እየደወሉ ስለ ጎማ፣ ስለ ቸርኬ፣ ከበስተኋላ ስለሚሰማ ድምፅ ይጠይቋታል። የምታውቀውን ትመልሳለች፤ የማታውቀውን ቼክ አድርጌ እሁድ እነግራችኋለሁ ትላለች፣ ትነግራቸዋለችም።

አንድ ጊዜ ቢሊ ካማሮ ተመልሳ ልትሠራ ነው የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ፣ የተድበሰበሰ ፎቶ ይዞ ስቱዲዮአችን ድረስ መጣ። እኔ ራሴ ጓጓሁ። «እትዬ፣ ተናገሪው እንጂ፣ ከሁሉም በፊት እኛ እንሁን» አልኳት። ፎቶውን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። «ያላየሁትን በአፌ አላወጣም። ይኼ ጥላ ነው» አለች። ቢሊ ተቀየመ፣ ሳምቡሳ ሰጥታ ሸኘችው። በዚያው ወር ፎቶው የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ።

እውነተኛው ዜና የመጣው በአሜሪካው የበረዶ ወራት ነበር። ከእኛ በስተሰሜን በተደረገ ትልቅ የመኪና ትርኢት ላይ ፋብሪካው ለማሳያ ያህል የሠራትን አዲስ ካማሮ ገለጠ። ስልካችን ከቀትር በፊት ጀምሮ ይጮኽ ነበር። እትዬ ሐዋ ማይኩ ፊት ተቀምጣ እጆቿን አጣምራ፣ «ነጂዎች፣ ተነጂዎችም፣ ረጋ በሉ» አለች። «ታጭታለች እንጂ ገና አልተዳረችም። ለመሸጥ ይሠሯት እንደሆነ አልወሰኑም። ሲወስኑ እነግራችኋለሁ።» ድምፅዋ ግን አሳበቀባት። ከመስታወቱ ወዲህ ሆኜ እየሳቀች እንደምታለቅስ አየሁ።

ያቺው መኪና በኋላ ወደ አትላንታ ትርኢት መጣች። ሐጂ ሰይድ፣ እትዬ ሐዋና እኔ አብረን ሄድን። በአዳራሹ መሃል፣ በሚዞር መድረክ ላይ፣ ብርማ ሆና ቆማለች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ወገቧ ጠበብ ያለ፣ መስኮቶቿ ቀጭን ናቸው። ሰዉ በገመዱ ዙሪያ ታጭቋል። አንድ ማይክ የያዘ ወጣት ጥያቄ ይቀበላል፤ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። እትዬ ሐዋ እጇን አወጣች።

«እኔን የምታክል ሴት» አለች በእንግሊዝኛዋ፣ «መሪው ላይ ተቀምጣ ኮፈኑ የት እንደሚያልቅ ታያለች?»

አንዳንዱ ሳቀ። ወጣቱ መልሱን አላወቀም፤ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ የነበረ ሽበታም ሰው ጠራ። ቅርጿን ካወጡት አንዱ ነው ተባለ። ሰውየው ወረደና ገመዱን አንሥቶ እትዬ ሐዋን አስገባት። የሚዞረው መድረክ ቆመ። በሩ አጠገብ አቁሟት፣ ብትቀመጥ ዓይኗ የት ላይ እንደሚውል በመዳፉ ለካ።

«ኮፈኑን ታያለሽ፤ ጫፉን ግን አታዪውም» አለ ሳይሸፋፍን። «ከኋላም ብዙ አይታይሽም። ብዙ ተከራክረንበታል።»

«መስኮቱን ዝቅ ብታደርጉትስ?»

«ዝቅ ካደረግነው መልኳ ይጠፋል። አላደርገውም።»

እትዬ ሐዋ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ብላ መኪናዋን ከጎን አየቻት። ብዙ ቆየች። ሰዉም ዝም ብሎ ይጠብቃታል።

«ልክ ነህ» አለችው። «ይጠፋል። መስኮቱን አትንካው፤ ወንበሩን ግን ከፍ የሚል አድርግልኝ።»

«ከፍ ይላል።»

«እንግዲያው ተስማምተናል» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ሰውየውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት። ሐጂ ሰይድ ከገመዱ ወዲህ ሆነው አጠገባቸው ለቆመ ለማያውቁት ፈረንጅ በአማርኛ፣ «ሚስቴ ናት» አሉት።

በሚቀጥለው እሁድ ስለ ጉዳዩ ስትናገር ራሷን አላገዘፈችም። «ሠሪዋን አነጋገርኩት» አለች። «ግትር ነው። ደስ ብሎኛል። እሺ እሺ የሚል ሰው የሠራው መኪና አያምርም።»

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ፋብሪካው ሊሠራት ወሰነ፣ እትዬ ሐዋም «ተዳረች» ብላ አስታወቀች። ጥቂት ዓመታት ከጠበቅን በኋላ መኪናዋ መንገድ ላይ ወጣች። እትዬ ሐዋ ልትገዛት አላሰበችም ነበር፤ ኮሮላ ይበቃኛል ብላ ትከራከር ነበር። ነገሩን የጨረሱት ሐጂ ሰይድ ናቸው። አንድ ቀን ከሰላት መልስ፣ «ሐዋ፣ ይህን ያህል ዘመን ውጪ ውጪ ስትከራተት የኖረችውን ጣውንቴን አምጫትና አብረን እንኑር፤ እኔም አርጅቻለሁ» አሏት።

ቀይዋን አመጣች። ከሻጩ የተረከበቻት ቀን ሦስታችን ለመንዳት ሄድን። እትዬ ሐዋ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገች፣ በላዩ ትራስ ጨመረች። ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ታጠፍኩ። ከስኔልቪል ወጣንና ሁለት ሰማንያ አምስት የሚባለው የአትላንታ ቀለበት መንገድ ላይ ገባን። ያ መንገድ ሰው ሁሉ እንደ ተባረረ የሚበርበት መንገድ ነው።

እትዬ ሐዋ የቀኙን መሥመር ይዛ ሕጉ በሚፈቅደው ፍጥነት፣ ከዚያም ትንሽ አነስ አድርጋ ነዳች። ቫን አለፈን። አሮጌ ፒክአፕ አለፈን። ሣር ማጨጃ የሚጎትት መኪና ሳይቀር አለፈን። ሞተሩ ከሥራችን ያጉረመርማል፣ እሷ እግሯን አትጨምርለትም።

«እትዬ፣ እስቲ ርገጪው» አልኳት መታገሥ አቅቶኝ። «ለመሮጥ አይደል የተሠራችው? ሁሉም እያለፈን እኮ ነው።»

ያለፈን ሁሉ አንገቱን አዙሮ ወደ እኛ ያይ ነበር። አንዳንዱ አውራ ጣቱን ያነሣል፤ እትዬ ሐዋ ለእያንዳንዱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች።

«ይለፉ» አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። «ምን አስቸኮለን? ይዩን።»

ሐጂ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ቆባቸውን አስተካከሉና በእሳቸው በኩል ያለውን መስኮት እስከ ታች አወረዱት።